የዓሣን አቋም በአንድ ቁጥር ስለ መመዘን

በወራጅ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ደኅና መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ የሚነሣ ተማሪ ዘወትር ይዞ የሚወጣው መሣሪያ ሁለት ነው፤ ማስመሪያና ሚዛን። በማስመሪያው ርዝመቱን፣ በሚዛኑ ክብደቱን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን በአንድ ስሌት አገናኝቶ የአቋም መለኪያ የሚባለውን ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከአንድ በላይ ሲሆን «ዓሣው ደልቧል፤ ወንዙም ተስማምቶታል» ተብሎ ይጻፋል። ከአንድ በታች ሲሆን ደግሞ «ዓሣው ከስቷል፤ ውኃው ተበላሽቷል» ይባላል።

አሠራሩ ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ፣ ውድ መሣሪያም ስለማይጠይቅ፣ በአገራችን የዓሣ ጥናት ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ትችት ልማዱን ከሥሩ ለመንቀል የታሰበ አይደለም። ቁጥሩ የሚመሰክረውን ከማይመሰክረው ለመለየት ነው። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንባቢው አስቀድሞ እንዲያስብልኝ የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የአንድ ወንዝ ዓሣ ይጠመድ ወይም ይከልከል፣ የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ጐጂ ነው ወይም አይደለም ለማለት የሚነሣ ሰው በዚህ ቁጥር ላይ ከተደገፈ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍሉት ዓሣውና አስጋሪው መሆናቸው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጠንና አቋም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። መርካቶ ወርዶ በግ የሚገዛ ሰው የበጉን ቁመት አይቶ ብቻ ዋጋ አይቈርጥም። እጁን በወገቡ ላይ አሳርፎ የጀርባውን አጥንት ይዳስሳል፤ ላቱን ያነሣል። አጥንቱ እጁን ከቈረቈረው፣ በጉ የቱንም ያህል ረዥም ቢሆን «ከሲታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህም ሌላ ጠቦቱን ከሙክቱ ጋር በአንድ ዐይን አያስተያይም። ሴቲቱ በግ ሆዷ ሰፍቶ ቢያይ «ሰብታለች» ሳይል «አርግዛ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ጨው ልሶ ውኃ የተጋተ በግ እንዳይሸጥለትም ይጠነቀቃል። እንግዲህ ይህ ሰው ሳይማር አራት ጥያቄ ጠይቋል፤ ዕድሜው ስንት ነው፣ ዘሩ ምን ዐይነት ነው፣ በሆዱ ያለው ምንድን ነው፣ ሻጩስ ለምን ይህን መርጦ አቀረበልኝ። የእኛ ቁጥር ግን ከእነዚህ ከአራቱ አንዱንም አይጠይቅም። ትችቴም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች በዝርዝር እመለከተዋለሁ።

የቁጥሩ ስሌት የሚጠራው በስኮትላንድ የዓሣ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይሠራ በነበረው በፉልተን ስም ነው። የዓሣው ክብደት በግራም ተወስዶ በ100 ይባዛል፤ ውጤቱም ርዝመቱ በሴንቲሜትር ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። መሠረቱ ቀላል ነው። አንድ ሣጥን ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም እጥፍ ቢሆን የሚይዘው እህል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዓሣም ቅርጹን ሳይለውጥ ቢያድግ፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል 20 ሴንቲሜትር ርዝመትና 100 ግራም ክብደት ያለው ዓሣ ቁጥሩ 1.25 ይሆናል። ይህና ከዚህ በታች የምሰጣቸው የስሌት ምሳሌዎች ለማስረጃ ያህል ያቀረብኋቸው እንጂ ከወንዝ የተለቀሙ አይደሉም።

የመጀመሪያው ችግር የሚነሣው ገና ከማስመሪያው ነው። የዓሣ ርዝመት ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ የሚለካው ጠቅላላ ርዝመት ነው። ሁለተኛው ጅራቱ እስከሚከፈልበት ድረስ ያለው ነው። ሦስተኛው የጅራቱን ክንፍ ትቶ ሥጋው እስከሚያልቅበት የሚለካው መደበኛ ርዝመት ነው። ከላይ የጠቀስሁት ዓሣ 20 ሴንቲሜትር የሆነው በመደበኛው ርዝመት ነው እንበል። ጠቅላላ ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ያው ዓሣ፣ በያው ሚዛን፣ ቁጥሩ ከ1.25 ወደ 0.64 ይወርዳል። ሁለት ተማሪዎች በሁለት ወንዝ እየለኩ አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላው ርዝመት ቢጠቀሙና ይህን ሳይጽፉ ቢቀሩ፣ የአንዱ ወንዝ ዓሣ የጠገበ፣ የሌላው የተራበ ሆኖ ይታያል። ረኀቡ ግን ያለው በወረቀቱ ላይ ነው።

በትንንሽ ዓሦች ላይ ነገሩ የባሰ ይሆናል። በደጋ ጅረቶቻችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን፣ ጋራ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቁትን እንውሰድ። 6 ሴንቲሜትር ርዝመትና 3 ግራም ክብደት ያለው ጋራ ቁጥሩ 1.39 ነው። የሚለካው ሰው እጁ ተንቀጥቅጦ 6 ሴንቲሜትር ተኩል ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ 1.09 ይሆናል። አምስት ሚሊሜትር ስሕተት ዓሣውን ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል «አከሳችው» ማለት ነው። ርዝመቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ የማስመሪያው ጥፋትም አብሮ ይባዛል። ሚዛኑም ቢሆን ቡናና በርበሬ በሚመዘንበት ሚዛን ሦስት ግራም መመዘን አይቻልም። በዓሣው ገላ ላይ የቀረው ውኃ እንኳ ክብደቱን ይለውጠዋል።

ሁለተኛው ችግር «ከአንድ በላይ፣ ከአንድ በታች» የሚለው ፍርድ ነው። አንድ የሚለው ቁጥር የጤና ወሰን ሆኖ በተፈጥሮ የተደነገገ አይደለም። አምባዛ ረዥምና ሸንቃጣ ስለ ሆነ በጥሩ ሁኔታ እያለ ከአንድ በታች ሊሆን ይችላል። ቆሮሶ በአንጻሩ ገላው ሰፊና ጐኑ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ከስቶም እንኳ ከአንድ በላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ የተያዙ አምባዛና ቆሮሶ በዚህ ወሰን ቢፈረድባቸው፣ የተለካው ቅርጻቸው ነው እንጂ ኑሯቸው አይደለም።

በአንድ ዐይነት ዓሣ ውስጥም ቢሆን ብዙዎቹ ሲያድጉ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ክብደታቸው በርዝመታቸው ሦስተኛ ኀይል ልክ በመጨመር ፋንታ በ2.8 ወይም በ3.2 ኀይል ሊጨምር ይችላል። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ኀይሉ 3.2 ከሆነ፣ 40 ሴንቲሜትር የሆነው ዓሣ ከ10 ሴንቲሜትሩ ይልቅ ቁጥሩ በ32 በመቶ ከፍ ይላል፤ ምንም የተሻለ ምግብ ሳያገኝ። ይህን ጉድለት ለማረም እንግሊዛዊው ሌ ክሬን በዊንደርሚር ሐይቅ ፐርች በተባለ ዓሣ ላይ ባደረገውና በ1951 ባሳተመው ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። እርሱ እያንዳንዱን ዓሣ ያመዛዘነው ያው ዓሣ በዚያ ርዝመት ሊኖረው ከሚገባው ክብደት ጋር ነው፤ የሚገባው ክብደትም ከራሱ ከሐይቁ ዓሦች ተሰልቶ ይወጣል። ልኩን ያገኘ ዓሣ አንድ ይሆናል።

የሌ ክሬን መንገድ ከፉልተን መንገድ የተሻለ መሆኑን አልጠራጠርም። ዳሩ ግን በእኛ አገር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ይገባል። መመዘኛው የወጣው ከራሳቸው ከተመዘኑት ዓሦች ከሆነ፣ አማካዩ ምን ጊዜም በአንድ አካባቢ ይሆናል። የወንዙ ዓሦች ሁሉ ከስተው ቢገኙ እንኳ የከሱት ከከሱት ጋር ተመዛዝነው «ልካቸውን አግኝተዋል» ይባላል። ይህ መንገድ በአንድ ውኃ ውስጥ ወርን ከወር፣ ወንዱን ከሴቲቱ ለማስተያየት ይረዳል። ሁለት ወንዞችን ለማፋረድ ግን ለሁለቱም የጋራ የሆነ መመዘኛ ያስፈልጋል። ነጋዴ በየሱቁ የራሱን ኪሎ ቢሠራ ገበያ እንደማይኖር ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ወንዝ የራሱን ኪሎ እየሠሩ ወንዞችን ማስተያየት አይቻልም።

ሦስተኛው ችግር ሚዛኑ የሆድ ውስጥ ነገር አለመለየቱ ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት፣ ነጭ ዓሣ እያልን የምንጠራቸው ላቤኦባርቡሶች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ከእነርሱ ቢያንስ ሰባቱ ዐይነቶች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ወደ መሳሰሉ ገባር ወንዞች በመግባት በጠጠር ላይ ይራባሉ። አስቀድመው በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። በሐምሌ መጨረሻ በወንዙ አፍ የተመዘነች ሴት ዓሣ ሆዷ በዕንቁላል የተሞላ ነው። ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ብትመዘን ቁጥሯ ይወርዳል። አንዱ ተማሪ ከመራቢያው በፊት፣ ሌላው በኋላ ቢመዝን የሁለቱ ጽሑፍ አይገናኝም። የመጀመሪያው ወንዙን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ይወቅሰዋል።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። በጣና በሚገኙት ትንንሽ ባርቡሶች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ይገኛል፤ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ አጥንተውታል። ትሉ በዓሣው የሆድ ዕቃ መካከል አድጎ ሆዱን ይነፋዋል። እንዲህ ያለው ዓሣ ሆዱ ሳይከፈት ቢመዘን የትሉ ክብደት ለዓሣው ይቈጠርለታል። በሽታው «ደልቧል» አሰኘው ማለት ነው። ስለዚህ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ያልተመዘነ ዓሣ ቁጥር ዓሣውን፣ ቀለቡን፣ ዕንቁላሉንና ጥገኛውን በአንድነት የያዘ ድምር ነው።

አራተኛው ችግር የዐይነት መለየት ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች በልዩ ልዩ ስም ገልጾ ነበር። በ1973 ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርቡሶች እንደ ገና ሲመረምር የጣናዎቹን ባብዛኛው በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች የገላን ልዩ ልዩ ክፍል በትዕግሥት ለክተው ልዩነታቸውን አሳዩ። አሁን ከሐይቁ 15 የላቤኦባርቡስ ዐይነቶች ይቈጠራሉ፤ ከእነርሱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። አሳዳጁ ሸንቃጣ፣ ከጭቃና ከቀንድ አውጣ የሚለቅመው ደንዳና ቢሆን ተፈጥሮው ነው። እነዚህን ሁሉ «ነጭ ዓሣ» ብሎ ደባልቆ አማካይ ማውጣት ጠቦትና ሙክት፣ በግና ፍየል በአንድ መዝገብ ከመጻፍ አይለይም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ልዩነቱን ያወጣውም መለካት ነው። መለካት ሲበዛና ሲጠነቀቁለት እውነትን ያወጣል፤ ሁሉን ወደ አንድ ቁጥር ሲያጠፉት ግን ይሸፍናል።

አምስተኛው ችግር፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው፣ «ወደ ሚዛኑ የመጣው ማን ነው?» የሚለው ነው። መረብ ዓሣን የሚይዘው በወገቡ ዙሪያ ልክ ነው። አጭር ዓሣ በመረቡ ዐይን የሚያዘው ሲወፍር ነው፤ ከሲታው ያመልጣል። ረዥሙ ደግሞ የሚያዘው ሲከሳ ነው፤ ወፍራሙ ወደ ዐይኑ አይገባም። ስለዚህ በአንድ ዐይነት መረብ ብቻ የተያዙ ዓሦች ቢመዘኑ «አጫጭሮቹ ደልበዋል፣ ረዣዥሞቹ ከስተዋል» የሚል ውጤት ይገኛል። ይህንንም ውጤት የጻፈው ወንዙ ሳይሆን መረቡ ነው።

ገበያውም እንዲሁ የራሱን ምርጫ ያደርጋል። በዐቢይ ጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ዓሣ ከዝዋይ፣ ከአዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና ይመጣል። ከተማው ቅርብና የትራንስፖርቱ ወጪ ትንሽ ስለ ሆነ ከመርካቶና ከሌሎቹ የከተማችን ገበያዎች ዓሣ እየገዙ ለመለካት የሚያስብ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ብዙው ዓሣ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ይሸጣል። ርዝመቱ በሌለበት ስለ አቋም መናገር አይቻልም። ሙሉውን ቢያገኙም ሻጩ ትልልቁን መርጦ አምጥቶታል፤ የየትኛው ውኃና የየትኛው ቀን መሆኑም ተደባልቋል። ገበያ ስለ ዋጋና ስለ ፍላጎት ብዙ ያስተምራል፤ ስለ ወንዝ አቋም ግን ምስክር ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጣና ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር ተስፋፋ። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረውን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ከነበረው ጋር አስተያይተው፣ በወንዝ የሚራቡት ላቤኦባርቡሶች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳዩ። ከምክንያቶቹም ዋናው ዓሦቹ ለመራባት በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መያዛቸው ነው። በወንዞቹ ውስጥም በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማስከር የቈየ ልማድ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ ክረምት በጉማራ አፍ ቆሞ የተያዙትን ዓሦች ቢመዝን ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ዕንቁላል የሞላባቸው፣ ከባድ፣ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ዓሦች። ከዚህም በላይ፣ ብዙዎቹ ሲያልቁ ለቀሩት ምግብ ሊተርፋቸው ይችላልና ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ሊል ይችላል። ጽሑፉም «የዓሦቹ አቋም ጥሩ ነው» ብሎ ይዘጋ ነበር። የቀሩት መወፈራቸው ግን ያለቁትን አይተካም። ከአራት ቤተሰብ ሦስቱ በጠፋበት መንደር የአንዱን ቤት ሌማት አይቶ «አገሩ ጠግቧል» እንደ ማለት ነው።

ከዚህ ከከተማችንም ምሳሌ ልጥቀስ። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የመኖሪያ ቤቱንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ይገናኛል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ በላይኛው ምንጭ አካባቢ ዓሣ ቢገኝና በመካከለኛው ክፍል ምንም ባይገኝ፣ የአቋም ቁጥሩ የሚሰላው ለላይኛው ብቻ ነው። በመካከለኛው ክፍል የሚመዘን ስለሌለ ቁጥር አይኖርም፤ በሠንጠረዡም ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይታለፋል። ለጥናቱ ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ግን ያ ባዶ መስመር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ተማሪ ገንዘብ የለው፣ ጊዜ የለው፤ ርዝመትና ክብደትን ከነፈግኸው በምን ያጥና?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መለካቱ ይቅር አላልሁም፤ ይልቁንም ይጨመር እላለሁ። የሚጨመረውም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። አንደኛ፣ የትኛው ርዝመት እንደ ተወሰደ በግልጥ ይጻፍ፤ ቢቻል ጠቅላላውም መደበኛውም ይወሰድ። ሁለተኛ፣ ዓሣው ይጥረግና ይመዘን፤ ከዚያም ሆዱ ተከፍቶ፣ ጾታው፣ የዕንቁላሉ ደረጃና ትል መኖር አለመኖሩ ተመዝግቦ፣ ባዶውን እንደ ገና ይመዘን። ሦስተኛ፣ ማስተያየቱ በአንድ ዐይነት ዓሣ፣ በተቀራረበ ርዝመትና በአንድ ወቅት መካከል ይሁን። አራተኛ፣ በምን ዐይነት መረብ፣ ስንት ሰዓት ተጠምዶ ስንት ዓሣ እንደ ተያዘ ይጻፍ፤ ምንም ያልተያዘበት ቀንና ቦታም አብሮ ይጻፍ። አምስተኛ፣ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዓሣ ርዝመትና ክብደት በጽሑፉ መጨረሻ ይቀመጥ፤ ነገ የሚመጣው ተማሪ በሌላ ስሌት ሊጠቀምበት ይችላልና።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ከመርካቶ አይታጣም። ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ መቆሚያ የተመታበት ጣውላ፣ በላዩም የተለጠፈ ማስመሪያ፣ ለትንንሾቹ ዓሦች የወርቅ ነጋዴ የሚጠቀምበትን የመሰለ ሚዛን፣ እንዲሁም አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ሚዛኑ ልኩ በታወቀ ክብደት በየማለዳው ይፈተን። የልብስ ሰፊ ሜትር ግን በዓሣው ገላ ላይ ስለሚታጠፍ ርዝመት አያስረግጥምና ይቅር።

«ዓሣን መብላት በብልኀት» ይባላል፤ አጥንቱ ያንቃልና። መመዘኑም ከዚህ አይለይም። የአቋም ቁጥር ከላይ የተጻፉት ነገሮች ተሟልተው ሲቀርብ ስለ አንድ ዓሣ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ውኃ የሚያስተምረን ነገር አለ። ብቻውን ቆሞ የወንዙን ጤንነት እንዲመሰክር ሲጠራ ግን ከሚችለው በላይ ተጭኗል። የኮሌጃችን ተማሪዎች በሚቀጥለው ክረምት ወደ ጉማራም ሆነ ወደ አቃቂ ሲወርዱ፣ ከሚዛኑ በፊት ደብተሩን ይክፈቱ፤ በመጀመሪያው መስመርም ስንት ጊዜ መረብ ጥለው ስንት ጊዜ ባዶውን እንዳወጡ ይጻፉ።